ከቢሮዬ ጋር ሊያስታርቁኝ የመጡት ሽማግሌዎች

በእኛ አገር ሽማግሌ የሚላከው ልጅ ለመጠየቅ ነው፤ አለዚያም የተጣሉ ባልና ሚስት ለማስታረቅ። እኔ ዘንድ የተላኩት ሦስት ሽማግሌዎች ግን ከመሥሪያ ቤቴ ጋር ሊያስታርቁኝ ነበር የመጡት። የመንግሥት ሥራዬን ጥዬ ወጥቼ ነበርና፣ ባሏን ፈትታ እንደ ወጣች ሴት ተመልሼ እንድገባ ሊለምኑኝ። ዛሬ ይህን ለሰው ስናገር ይስቃል። ያን ቀን የሳቀ ሰው አልነበረም።

ከመነሻው ልጀምር። አባቴ አስተማሪ ነበር። ጊንጪ ሥራ ጀምሮ፣ ጉደር ጥቂት አስተምሮ፣ በመጨረሻ አምቦ ቤት ሠርቶ ተቀመጠ። ደርግ በወደቀበት ዓመት እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ የምማረውም እሱ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ግርግር ከዴስኮቻችን ግማሹ ለማገዶ ሄደ፣ ግማሹ እግሩ ተሰብሮ ሜዳ ላይ ተጣለ። ትምህርት ሲከፈት መሬት ላይ ተቀምጠን ነበር የምንማረው። በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ወንዶቹ ዴስክ ለመጠገን ይወጣሉ፣ እኛ ሴቶቹ ክፍል ውስጥ ጥልፍ እንጠልፋለን። እኔ የጠለፍኩት ጽጌረዳ ጎመን መሰለ። አስተማሪዋም አልደበቀችልኝም፣ ለክፍሉ ሁሉ አሳየችልኝ።

አንድ ቀን ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ አስፈቅጄ በቀጥታ ወደ ወንዶቹ ሄድኩ። አንዱ የዴስክ እግር ላይ ምስማር በምስማር ይደራርባል፤ እግሩ ግን አሁንም ይወዛወዛል። የሚያስፈልገው ምስማር እንዳልሆነ፣ ክፍተቱ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ሽብልቅ እንደሆነ በዓይኔ ይታየኛል። ከየት እንዳወቅኩት አትጠይቁኝ። መዶሻውን ቀምቼ ስንጥር እንጨት አሾልኩና መታሁት። እግሩ ቀጥ አለ። ተቀመጥኩበት፤ አልነቃነቅ አለ። ከዚያ በፊት በሕይወቴ እንዲህ ያለ ደስታ ተሰምቶኝ አያውቅም፤ ፈተና አንደኛ ስወጣም እንኳ።

አባቴ ያገኘኝ እዚያው ላይ ነው። ጆሮዬን ይዞ እየመራኝ ወደ ጥልፉ መለሰኝ። ማታ ግን አልተቆጣኝም፤ አጠገቡ አስቀምጦ በለሆሳስ መከረኝ። «አንቺ ጭንቅላት አለሽ» አለኝ። «በእጁ የሚኖር ጭንቅላት የሌለው ሰው ነው።» በፍቅር ነበር ያለው። እኔ ግን ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልዋጥኳትም።

ጭንቅላቴ እንግዲህ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰ። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቼ እንጨት ሥራ መማር ነበር የምፈልገው። አባቴ የሒሳብ አያያዝ መረጠልኝ። ዲፕሎማዬን ይዤ ስመለስ እዚያው አምቦ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ። በግ ታረደ። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ መረቀኝ። አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ልጄ ቢሮ ናት» ይል ነበር፤ እዚያ ቤት ውስጥ እንጀራዬ እንደተጋገረልኝ ሁሉም ያምን ነበር።

ቢሮ መጥፎ ነው አልልም። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች፣ ፋይል ትወዳለች። ማንም ያላገኘውን ዶሴ፣ በአማርኛ ይሁን በኦሮምኛ ቁቤ የተጻፈ፣ ስሙን ሰምታ ብድግ ብላ ከመደርደሪያው ትመዝዘዋለች። እሷ ለዚያ ሥራ ተፈጥራለች፤ ስትሠራ ፊቷ ይበራ ነበር። እኔ ከሰዓት በኋላ ዶሴ ላይ አንቀላፋለሁ። ንቁ የምሆነው አንድ ነገር ሲሰበር ብቻ ነው። መጀመሪያ የእኛን ጠረጴዛ እግር አስተካከልኩ። ቀጥሎ የጎረቤት ክፍል መሳቢያ አልከፈት ብሎ ተጠራሁ። ቀስ በቀስ በእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ከመስታወቴ ጎን መዶሻና መሮ መያዝ ጀመርኩ። ግምገማ ላይ አንዱ ተነሥቶ «እኅታችን ሥራዋን ትታ ወንበር ትጠግናለች» አለ። «የተቀመጥክበትን ጨምሮ» አልኩት። ለዚህ መልሴ ነጥብ ተቀነሰብኝ።

ምሳ ሰዓት ግን የራሴ ነበር። ከገበያው ጀርባ ጣውላ የሚሸጡ አንድ ሰው ነበሩ፣ ከስልጤ አገር መጥተው አምቦ ያረጁ፤ ከተማው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። በወጣትነታቸው አናጢ ነበሩ። መጀመሪያ የሄድኩት ለቢሮ መደርደሪያ ቁራጭ እንጨት ልለምን ነው። ጣውላ ማለስለሻው መላጊያ ላይ ዓይኔ መቅረቱን አይተው ምንም ሳይሉ ሰጡኝ። ላግኩ። ስስ የእንጨት ልጣጭ እየተጠቀለለ እግሬ ሥር ሲወድቅ ምሳ መብላት ረሳሁ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ምሳዬ እዚያ ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓትም። ሐጂ ምክር አይወዱም። ሲበላሽብኝ «እንደገና» ይላሉ፤ ሲያምር ዝም ይላሉ።

በኋላ የከተማችን ዩኒቨርሲቲ ሰፋ። አምቦ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ ለተማሪ የሚከራይ ክፍል መደርደር ያዘ። ክፍሉ አልጋ ይፈልጋል፣ ጠረጴዛ ይፈልጋል፣ መደርደሪያ ይፈልጋል። ሐጂ ከግቢያቸው አንድ ጥግ በቆርቆሮ ከድነው «የምትችዪ ከሆነ ያውልሽ» አሉኝ። ሌሊቱን ሳላስብ፣ ማንንም ሳላማክር፣ በማግሥቱ ሥራ ለቀቅኩ። ለቤተሰቦቼ ብነግራቸው ኖሮ እንደሚያለቅሱ፣ ሲያለቅሱም እንደምሸነፍ አውቅ ነበር።

እናቴ አለቀሰች። «ማን አናጢ ሴት ያገባል?» አለች። ከተማውም ሥራ አገኘ፤ «የቢሮ ወንበር ትታ ወንበር ልትሠራ ወጣች» እያለ ተቀባበለኝ። አባቴ ግን አላለቀሰም፣ አልተሳደበም። ዝም አለኝ። ስገባ ይወጣል፣ ማዕድ ስቀርብ ይነሣል። ለብዙ ሳምንታት አንድ ቃል አልወጣውም። ዝምታው ከስድብ ይበልጥ ያመኝ ነበር፤ ማመሙን ግን አላሳየሁትም።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬ ደግሞ ለራሳችን የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ለመዘምራን ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች። ኮንፈረንስ ደርሶ ነበርና ቶሎ በይ አሉኝ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፣ ባህር ዛፉ ከነእርጥበቱ ነው። አልደረቀም ብዬ ነበር፤ «ጌታ ያግዝሻል» አሉኝ፤ እኔም ጀማሪ ነኝና እሺ አልኩ። ፀሐይ በወጣ በወሩ ወንበሮቹ ተጣመሙ። መዘምራኑ ለመዝሙር ሲነሡ አንዱ ወገን ከፍ፣ ሌላው ዝቅ። ምዕመኑ ዓይኑን ጨፍኖ መሳቁን አየሁ። ወንበሮቹን መልሼ ወስጄ በደረቅ ዋንዛ ሠራኋቸው። ስለ ሁለተኛው ግን ማንም አላወራም። አባቴ የሚጠብቀው ምክንያት ተገኘለትና ሽማግሌ ላከ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ቦታዬ መጡ። ፊት የሚሄዱት ጎረቤታችን ኦቦ ነበሩ፤ ኦቦ በኦሮምኛ ለታላቅ ሰው የሚባል «አቶ» ነው፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ከዘራ የያዙ። ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ። ሦስተኛውን ሳይ እጄ ላይ የነበረው መጋዝ ቆመ። ሐጂ ነበሩ። አባቴ ብልጥ ነው። ቦታውን የሰጠኝ ሰው ራሱ ቦታውን ቢነሣኝ ነገሩ በዚያው እንደሚያልቅ አውቋል። እሱ ራሱ እንደ ወጉ አልገባም፤ ከግቢው በር ውጭ መንገዱ ዳር ቆሞ ውጤቱን ይጠብቃል።

«አካም ቡልተኒ፣ እንደምን አደራችሁ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ።

«አንቀመጥም ኢንተላ ኮ» አሉ ኦቦ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ቃልሽን ሳንሰማ አንቀመጥም።»

ይህን ወግ የማያውቅ የለም። ሽማግሌ ለልመና ሲመጣ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም፣ የቀረበለትን አይቀምስም። ከተቀመጠ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ሽማግሌ አቁሞ የሚያኖር ሰው ደግሞ ስሙ በደግ አይነሣም። እና እነሆ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች በእጄ በሠራኋቸው ወንበሮች መሀል፣ በግራም በቀኝም መቀመጫ እያለ፣ ቆሙ። አፈርኩም፣ ተናደድኩም፤ ንዴቱ ይበልጥ ነበር።

ኦቦ ጀመሩ። «አለቃሽ የአባትሽ ተማሪ ነበር። ስለ አባትሽ ብሎ ቦታሽን እስከ ሰኞ ይዞልሻል። ሰኞ ገብተሽ ብትቀመጪ የሚጠይቅሽ የለም።»

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ቀጠሉ። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል፤ ነገሩ እንዲህ ነው። የተማርሽ ልጅ ነሽ። ደግሞ ወንበሩንም አየነው።»

«የትኛውን ወንበር ነው ያዩት ጋሼ? የመጀመሪያውን ነው ወይስ አሁን በየእሑዱ የሚቀመጡበትን?»

አሁን ተራው የሐጂ ነበር። መሬት መሬት እያዩ «አባትሽ ቦታውን ንሳት ብሎኛል» አሉ።

አበቃልኝ አልኩ በልቤ። ያቺ ጥግ ከሄደች የምሠራበት የለኝም፤ አምቦ ውስጥ ለሴት አናጢ ቦታ የሚያከራይ ሌላ ሰው አላውቅም። መሣሪያዎቼን ከግድግዳው አውርጄ የት እንደማደርሳቸው ሁሉ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ሐጂ ቀና አሉ። «ንገር የተባልኩትን ነገርኩ። የሽምግልናው ይኸው ነው። እኔ ግን ሰጥቶ መንሣት አልለመድኩም።»

ያኔ አፌ ተከፈተ። ለዓመታት የታፈነው ሁሉ ወጣ። «አባቴ በልጅነቴ ጭንቅላት አለሽ ብሎኛል። እውነቱን ነው። ግን ጭንቅላቴ ያለው እጄ ውስጥ ነው። ቢሮ ስገባ ትቼው ነው የምገባው። እዚያ ቤት ዕድሜዬን ሙሉ እያንቀላፋሁ ልኑር? ደመወዝ እየበላሁ ልሙት? እናንተን አከብራለሁ። ደግማችሁ ብትመጡ ደግሜ ግቡ እላለሁ። ሰኞ ግን ቢሮ አልገባም፤ ማክሰኞም አልገባም።»

ኦቦ «እንግዲያው እንቆማለን» አሉ። «ይቁሙ» አልኩና መላጊያዬን አነሣሁ።

«ሽማግሌ ቆሞ ትሠሪያለሽ?» አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ።

«እኔም ቆሜ ነው የምሠራው ጋሼ። ቀኑን ሙሉ።»

ድፍረት ነበር፣ አውቃለሁ። ጣውላውን ሁለት ቦታ አበላሽቼዋለሁ። ላግኩ፤ ቆሙ። ላግኩ፤ ቆሙ። ፀሐዩ በቆርቆሮው ላይ በረታ። ኦቦ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ማዛወር ጀመሩ። ከዚያ አንዱን አግዳሚ ወንበር በእጃቸው ጫን አድርገው ሞከሩት፣ ሥሩን ዳበሱት፣ ቀስ ብለውም ተቀመጡበት።

«ኦቦ! ምን ማድረግዎ ነው? እሺ አላለችም እኮ» አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ።

«ሽምግልናዬ እንደ ቆመ ነው» አሉ ኦቦ፣ እግራቸውን ዘርግተው። «የተቀመጠው ጉልበቴ ነው።»

ሐጂም ሳቃቸውን ይዘው አጠገባቸው ተቀመጡ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ብቻቸውን ጥቂት ቆመው ግራና ቀኝ አዩና ጫፉ ላይ ዐረፍ አሉ። ወንበሩ ሦስቱን ይዞ ሲጥ አላለም። እሱን ልብ ማለቴ አልቀረም።

ይህን ጊዜ ነው አባቴ የገባው። መንገድ ላይ መጠበቁ ሰልችቶት በበሩ አንገቱን ብቅ ሲያደርግ ያየው ሦስት የተቀመጡ ሽማግሌዎችን ነው። እኛ አገር ያደገ ሰው ያንን አይቶ ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? ባርኔጣውን አወለቀ። ዓይኑ እንባ ሞላ። «ጌታ ይመስገን» እያለ መጥቶ በሰጋቱራ የተሸፈነ ግንባሬን ሳመኝ። ከዚያ ሁሉ ሳምንት ዝምታ በኋላ እጁ ትከሻዬ ላይ ዐረፈ። «ሰኞ እኔ ራሴ አደርስሻለሁ» አለኝ፣ እንደ መጀመሪያ ቀን ተማሪ።

ሽማግሌዎቹ ሦስቱም አቀርቅረዋል። ሊነግረው የደፈረ የለም። እኔም ለአፍታ አልደፈርኩም። እውነቱን ልናገር፣ ከሽማግሌዎቹ መቆም ይልቅ ያቺ እጅ ልታሸንፈኝ ነበር። ዝም ብል አባቴ ይመለስልኛል፤ ሰኞ እጁን ይዤ እሄዳለሁ፣ ማታ አብረን እንበላለን። ከዚያስ? ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዶሴው ላይ አንቀላፋለሁ።

«አባዬ፣ እሺ አላልኩም» አልኩት። «ደክሟቸው ነው የተቀመጡት።»

እጁን አነሣ። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አያቸው፣ ከዚያ ወንበሩን፣ ከዚያ እኔን። ባርኔጣውን መልሶ አደረገ። «እንግዲያው እኔ እዚህ ቤት አልቀመጥም» አለ። ሁሉም ተነሥተው ሄዱ። እኔ ብቻዬን ቀርቼ ምርር ብዬ አለቀስኩ፤ ካለቀስኩ በኋላ ያበላሸሁትን ጣውላ እንደገና ላግኩት።

ሰኞ ቢሮ ከመከፈቱ በፊት የሥራ ቦታዬን ከፈትኩ። በቦታዬ ሌላ ሰው ተቀጠረ፤ ፋይል የሚወድ ቢሆን ደስ ይለኛል።

አባቴ ቃሉን ጠበቀ። መምጣቱ ግን አልቀረም። መጀመሪያ እናቴ ላከችኝ እያለ ነበር የሚመጣው፤ በኋላ ምክንያት መፈለጉን ተወ። ጡረታ ሲወጣማ በሳምንት ብዙ ቀን ብቅ ይላል። በሩ ላይ ይቆማል፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ። ይኼ እግር አልወፈረም? ይኼ በር አላጠረም? ይለኛል። ወንበር ሞልቶ አንድም ቀን አልተቀመጠም፣ እኔም አንድም ቀን ተቀመጥ አላልኩትም። እልኽ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። የኔ እልኽ ከማን እንደመጣ ያወቅኩት በዚያ በር ላይ ቆሞ ሳየው ነው።

ዓመታት ሲያልፉ ወገቡ ከዳው። መቆሙን አልተወም፤ የበሩን መቃን ግን ይደገፋል፣ እግሩን እየቀያየረ ያቃስታል። አንድ ዓርብ ማታ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ በዓይኔ የለካሁትን ቁመቱን አስታወስኩ። ከወገቡ ትንሽ ዝቅ የሚል፣ ከላይ ጎበጥ ያለ፣ ሰው ሳይቀመጥ ጀርባውን የሚያሳርፍበት የዋንዛ መደገፊያ ሠራሁና እሱ ከሚቆምበት ቦታ ላይ ከመቃኑ ጋር ሰካሁት። ምስማር አልነካውም፤ በሽብልቅ ነው።

በማግሥቱ መጣ። አየው። በመዳፉ ተጫነው፣ ነቀነቀው፤ አልነቃነቅ አለው። ዞረና ተደገፈው። ትንፋሹ ሲወጣ ሰማሁት።

«ይኼ መቀመጥ አይደለም» አለኝ።

«አይደለም» አልኩት፣ ከሥራዬ ቀና ሳልል።

ከዚያ በኋላ ቦታው ያ ሆነ። አንድ ቀን የሚከራዩ ክፍሎች የሠራ ሰው መጣ። ተማሪ ሊገባብኝ ነውና አልጋዎቹን በዚህ ሳምንት አድርሺልኝ ይላል። ጣውላው ገና ነው አልኩት። «ምን አለበት፣ ቀለም ይሸፍነዋል» አለ። ልመልስለት ስል ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ።

«ልጄ አልደረቀም ካለች አልደረቀም» አለ አባቴ። «ሲደርቅ ና።»

ሰውየው ደነገጠ። ሽማግሌ ማስቀየሙ ታወቀውና ፈጥኖ ከደረደርኳቸው ወንበሮች አንዱን ስቦ አቀረበ። «ኦቦ፣ ምነው ቆሙ፣ ይቀመጡ እንጂ።»

«እኔ እዚህ ቤት አልቀመጥም» አለ አባቴ፣ ጀርባውን ወደ ዋንዛው ደህና አድርጎ እያስጠጋ።